ስድስት መሮ በ1,300 ብር

አልጋዬ ሥር አንድ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ውስጡ ስድስት መሮ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተደርድሮ ነበር። ስድስቱንም በ1,300 ብር ነው የገዛኋቸው። ዛሬ ከስድስቱ የምጠቀመው በአንዱ ብቻ ነው፤ በእሱም የቀለም ቆርቆሮ እከፍትበታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከእናቴ ረከቦት ነው። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የዋንዛ ረከቦት ነው፤ አንድ እግሩ መጋጠሚያው ላይ እንክት ብሎ ተሰበረ። ሁለት ቦታ ወስጄ ጠየቅኩ። ሁለቱም ጋ መልሱ አንድ ነበር፦ “ከምታስጠግኚው አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል።” እኔ ደግሞ ሌሊት ሌሊት የእንጨት ሥራ ቪዲዮ ሳይ የማድር ሰው ነኝ። “እኔ እሠራዋለሁ” አልኳት። “ብቻ እንዳትጎጂ” አለችኝ።

ሥራው ለማውራት ቀላል ነው። የእግሩ ጫፍ እንደ ምላስ ሆኖ የረከቦቱ አካል ውስጥ ወደተፈለፈለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይገባል። ምላሱ ተሰብሮ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል። እሱን ፈልፍሎ ማውጣት፣ ቀዳዳውን ማጽዳት፣ አዲስ እግር ጠርቦ ማስገባት፣ በቃ። ለዚህ ደግሞ መሮ ያስፈልጋል። መሮ መብራት አይፈልግም፣ ጎረቤት የሚያስቀይም ጩኸት የለውም፣ የአንድ ክፍል ቤት ጥግ ላይ ይሠራበታል። በቤት ውስጥ የእንጨት ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ሰው ከመጋዝ ቀጥሎ የሚገዛው እሱ ነው።

መርካቶ ሄድኩ። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ “ለማን ነው የምትገዢው?” ብሎ ነው። ለራሴ ስለው ትንሽ ገረመውና ሰማያዊውን ሳጥን አወረደልኝ። “ስድስቱን ውሰጂ፣ ያዋጣሻል።” አጠገቡ ለብቻው የተሰቀለ አንድ መሮ ነበር፤ እሱ ብቻውን 800 ብር። ስልኬን አውጥቼ 1,300ን ለስድስት አካፈልኩ። አንዱ 217 ብር አይሞላም። ኢኮኖሚክስ የተማርኩት እኔ፣ ሒሳቡን ጨርሻለሁ ብዬ ሳጥኑን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሥራ በጀመርኩ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የመሮው ጫፍ እንደ ቆርቆሮ ተጣጠፈ። ሌላውን አነሳሁ፤ እሱም ያው ሆነ። አልቆርጥ ሲለኝ መግፋት ጀመርኩ። አልቆርጥ ባለ ቁጥር ጨምሬ ገፋሁ። በመጨረሻ አዳልጦት የረከቦቱን ጎን ሰንጥቆ ወጣና በግራ እጄ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መካከል ገባ። አራት ቦታ ተሰፋሁ። ከመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌው ጋር የከፈልኩት 1,900 ብር ነው። ከ1,300ው ጋር ደምሩት፤ 3,200 ይመጣል። የዚያች ለብቻዋ የተሰቀለችው መሮ አራት እጥፍ ማለት ነው። እናቴ ስለተሰነጠቀው ረከቦት አንድም ቃል አልተናገረችም። ከሁሉም የባሰው እሱ ነው።

እጄ እስኪድን ብዙ የማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው፣ ክፍል ውስጥ ለፈተና ብለን የሸመደድነው ጽሑፍ ትዝ አለኝ። በኋላ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር ኖቤል አስገኝቶለታል። ርዕሱ ላይ “የሎሚ ገበያ” ይላል። አሜሪካኖች ገዝተኸው የሚያቃጥልህን መኪና ሎሚ ይሉታል። (እኛ አገር ሎሚ ለጥምቀት የሚወረወር የፍቅር ነገር ስለሆነ መምህራችን ይህን ሲያስረዱ ክፍሉ በሳቅ ነበር የሞላው።) ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሻጭ የመኪናውን ጤና ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተዋል። ገበያው ላይ የሚቀረው ሎሚው ብቻ ይሆናል።

መሮ ላይ ነገሩ እንዲያውም ይብሳል፤ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። የመሮ ዋናው ጥራት የብረቱ ጥንካሬ ነው። ጥንካሬ ደግሞ በዓይን አይታይም። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም እጀታቸው ያምራል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መሮ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። አስመጪው ደግሞ ገዢው ከሚለየው ነገር ላይ አይቀንስም፤ ሳጥኑ እንደሚያምር ይቆያል፣ የሚቀነሰው ከማይታየው ነው። የሚቀጥለው ሁሉ እንግዲህ የማይታየውን ትንሽ እንዲታይ ለማድረግ የሞከርኩት ነው።

መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ። ብዙ መሮዎች ላይ “ክሮም ቫናዲየም” የሚል ታትሞባቸዋል። እኔም ያንን ዓይቼ ነው ልቤ የረጋው። ግን ክሮም ቫናዲየም የብረቱን ቅመም እንጂ አበሳሰሉን አይነግራችሁም። ይኸው ጽሑፍ የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ላይም አለ፤ ቁልፍ ደግሞ ስለት አያስፈልገውም። ብረት ስለት እንዲይዝ የሚያደርገው ፋብሪካው አግሎ በዘይት ወይም በሌላ ነገር ማጥለቁ፣ ከዚያም እንዳይሰባበር በልኩ መልሶ ማሞቁ ነው። ይህ ሥራ ሮክዌል በሚባል መለኪያ ይለካል፤ ደህና መሮ ከ58 እስከ 62 ባለው ውስጥ ይገኛል። ሳጥኑ ላይ ይህ ቁጥር ከተጻፈ ቢያንስ ስለ ጥንካሬ ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው። ካልተጻፈ መጠርጠር ነው።

ሻጮች ሁለት መሮ አጋጭተው “ስሚው፣ ስትጮኽ!” ይሏችኋል። አትስሙ። ለስላሳውም ጠንካራውም ብረት ይጮኻል።

የተሻለው ፈተና ሞረድ ነው። ሞረድ በጣም ጠንካራ ብረት ነው። ጥሩ መሮ ስለቱ አካባቢ ጎኑን በሞረድ ቀስ ብላችሁ ብትነኩት ሞረዱ ይንሸራተታል፣ በጭንቅ ነው የሚይዘው። ለስላሳ ከሆነ ግን እንደ ሚስማር ይፋቃል። እጀታው አጠገብ አትሞክሩት፤ እዚያ ጥሩ መሮም ቢሆን ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ሱቅ ውስጥ ይህን የሚፈቅድላችሁ ሁሉም አይደለም። እኔ በኋላ የሄድኩበት ሱቅ “አንድ ልግዛና እዚሁ በራፍ ላይ ልሞክረው፣ ለስላሳ ከሆነ ትመልስልኛለህ?” ስለው እሺ ብሎኛል። ሌላ ሁለት ቦታ እንቢ ተብያለሁ። እንቢታውም ራሱ መረጃ ነው።

በዓይን የሚታይም ነገር አለ። የመሮውን ጀርባ፣ ማለትም ጠፍጣፋውን ፊት፣ የብረት ማስመሪያ ወይም ስኳድራ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ ወደ ብርሃን እዩት። በመሃል ትንሽ ገባ ያለ ከሆነ አያስጨንቅም። ወደ ውጭ ያበጠ ወይም የተጣመመ ከሆነ ግን መልሱት፤ እሱን ማስተካከል ቀን ሙሉ ይበላል። ብረቱ ከእጀታው ጋር ቀጥ ብሎ መግባቱን ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። ጎኖቹ ወደ ጀርባው እየሳሱ የሚሄዱ ቢሆኑ ጠባብ ጥግ ውስጥ ይገባል፤ ለቤት ሥራ እሱ ይመረጣል። እጀታው የፕላስቲክ ይሁን የእንጨት ብዙም አትጨነቁ። የእንጨት ከሆነ ጫፉ ላይ የብረት ቀለበት ከሌለው በብረት መዶሻ እንዳትመቱት፣ ይሰነጠቃል። የእንጨት መዶሻ ከየትም ቁራጭ ጉማጅ ይሠራል።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአናጢነት ያሳለፉ አባት አሉ። በፋሻ የተጠቀለለ እጄን ይዤ ሄድኩ። “ጋሼ፣ መሮ ልጠይቅዎት ነበር።” እጄን አዩና፣

“በዶለዶመ ነው አይደል?” አሉኝ።

“እንዴት አወቁ?”

“የተሳለ ቢሆን ይሄን ያህል አትገፊውም ነበር፣ ልጄ።”

ከዚያ ዕቃቸውን አሳዩኝ። ስድስት አልነበረም፤ ሦስት ነው። አንዱ ብዙ ከመሳሉ የተነሳ ቁመቱ ግማሽ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ የሚይዙት የ12 ሚሊ ሜትሩን ነው። የ25 ሚሊው ለማስተካከልና ሰፊ ነገር ለመላግ፣ የ6 ሚሊው ለጠባብ ጥግ። “ለመጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ግዢ። የቀረውን ሥራው ሲጠይቅሽ ትገዢያለሽ” አሉኝ። በሌላ ቋንቋ፣ ስድስት ያለው ሳጥን ውስጥ የከፈልኩት ለማልነካቸው ሦስት መሮዎች ጭምር ነበር። የነጠላ ዋጋው ያነሰ የመሰለኝም ለዚህ ነው።

ከሳቸው የሰማሁት ሌላ ነገር የባሌስትራ መሮ ነው። የመኪና ባሌስትራ ጥሩ የካርቦን መጠን ያለው ብረት ነው፤ የሚሸከመው ክብደት ሌላ ዓይነት ብረት አይፈቅድለትም። ብረት ቀጥቃጮች ከእሱ ቢላዋም ማጭድም ይሠራሉ፣ መሮም ካዘዛችኋቸው ይሠሩላችኋል። መልኩ ጥቁር ነው፣ ለፎቶ አይሆንም። ጥራቱ ደግሞ በቀጥቃጩ እጅ ይወሰናል፤ ሲያጠልቀው በጣም ካደረቀው ይሸራረፋል፣ ካለሰለሰው ይታጠፋል። ግን ከሳጥኑ መሮ አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ የሠራውን ሰው ታውቁታላችሁ። ከታጠፈ ይዛችሁለት ትመለሳላችሁ፣ መልሶ እሳት ያስገባዋል። አከርሎፍ የሚለው የመረጃ ክፍተት እዚህ ጋ በጣም ይጠባል።

ያገለገለ መሮም አለ። ምናለሽ ተራ ስትዞሩ፣ ዕድል ከቀናችሁ፣ ከድሮ ወርክሾፕ የወጣ እጀታው የጠፋ መሮ ከዝገት ክምር ውስጥ ታገኛላችሁ። እጀታ ይሠራለታል። ላዩ ላይ ያለ ዝገት በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። መፍራት ያለባችሁ ጀርባውን በስለቱ አካባቢ በልቶ ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገውን ዝገት ነው፤ ስለቱ እዚያ ጉድጓድ ላይ በደረሰ ቁጥር ጥርስ ያወጣል። ስንት ቁመት እንደቀረውም እዩ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ከጫማና ከሽቶ ይልቅ አንድ መሮ ብታስልኩ አትቆጩም። ቼክ ሪፐብሊክ የሚሠራው ናሬክስ ጥንካሬው 59 ሮክዌል አካባቢ ሆኖ ዋጋው ከታዋቂዎቹ የእንግሊዝና የአሜሪካ መሮዎች በጣም ያንሳል፤ ጀማሪዎች የሚመርጡትም ለዚህ ነው። ዘመዳችሁ በእጅ ሻንጣ ይዞት እንዳይመጣ ብቻ ንገሩት፣ ኤርፖርት ላይ ይቀማል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው መግባት ያለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህን ባውቅ ኖሮ ሳጥኑን ስገዛ ከያዝኩት ብር ላይ ለብቻ አስቀምጥለት ነበር፦ መሳል። ከሱቅ የወጣ መሮ የተሳለ አይደለም። ውዱም አይደለም። የተሞረደ እንጂ የተሳለ አይደለም፤ ብዙዎቹ እንዳይዝጉ በቫርኒሽ ነገር ተቀብተው ነው የሚመጡት፣ እሱን መጀመሪያ በቲነር መጥረግ ነው።

ለመሳያ ድንጋይ ገንዘብ ከሌላችሁ መስታወት ይበቃል። መስታወት ቤት ሄዳችሁ ወፈር ያለ ቁራጭ ጠይቁ፤ የእኔው ከመጻሕፍት መደርደሪያ የተረፈ ቁራጭ ነው፣ ጠርዙን እንዲሞርዱልኝ ብቻ ከፈልኩ። ከዚያ የመኪና ቀለም ከሚሸጥበት ሱቅ ውሃ የማይፈራውን ጥቁር የብርጭቆ ወረቀት ግዙ፦ 320፣ 600፣ 1000 እና 2000 ቁጥር፣ አንዳንድ። መስታወቱን በውሃ አርጥባችሁ ወረቀቱን ስትዘረጉበት ራሱ ይጣበቃል።

መጀመሪያ ጀርባው። ሙሉውን አይደለም፤ ከስለቱ ወደ ኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ። ወረቀቱ ላይ ጥፍጥፍ አድርጋችሁ አስተኙና ወደፊት ወደኋላ፣ መሃሉም ጠርዙም አንድ ዓይነት ጭረት እስኪኖረው። ይህ አሰልቺ ነው፣ እጅ ያጠቁራል፣ ግን ለአንድ መሮ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚደረገው። ሁለት ፊልም ክፍል ይወስዳል፤ እኔ በተከታታይ ድራማ ነው የምለካው።

ቀጥሎ ሰያፉ። ለመደበኛ ሥራ 30 ዲግሪ ጥሩ ነው። ማዕዘን መለኪያ አያስፈልግም፤ የሰያፉ ርዝመት የብረቱን ውፍረት ሁለት እጥፍ ከሆነ 30 ዲግሪ ነው። ብረቱ 4 ሚሊ ሜትር ከወፈረ ሰያፉ 8 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከአሥረኛ ክፍል ሒሳብ እስካሁን የጠቀመኝ ይሄ ነው። በ320 ጀምራችሁ፣ በጣታችሁ ጀርባውን ከውስጥ ወደ ውጭ ስትዳስሱት ጫፉ ላይ የሚይዝ ስስ የብረት ጠርዝ እስኪሰማችሁ ሳሉ። ያ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ካልመጣ ወደሚቀጥለው ወረቀት አትሂዱ። አብዛኛው ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሳስቻለሁ። ከመጣ በ600፣ በ1000፣ በ2000 አለስልሱት፤ በየመሃሉ ጀርባውን አንድ ሁለቴ አስነኩ። በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ ወደ ኋላ ብቻ እየጎተታችሁ ጥረጉት። ከዚያ የእንጨት ቁራጭ አፍ፣ የተቆረጠው ጫፉ ላይ ሞክሩት። ሳይፈረፍር ለስልሶ ከተቆረጠ ተስሏል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ግራይንደር ያለው ጎረቤት “አምጪው፣ በሁለት ደቂቃ” ይላል። ሰያፉን ለማስተካከል ይጠቅማል፤ ግን ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ አልቋል። የካርቦን ብረት 300 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ነው ያ ቀለም የሚመጣው፣ ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። በየሁለት ሦስት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ ካልነከረላችሁ ተቀበሉትና ተመለሱ።

ስትሠሩ ሁለቱም እጃችሁ ከስለቱ ኋላ ይሁን። እንጨቱን ሞርሳ ይያዘው፤ ሞርሳ ከሌለ ጠረጴዛ ላይ አስራችሁ። የእኔ ግራ እጅ ያን ቀን እንጨቱን ይዞ ከስለቱ ፊት ነበር። መግፋት ከጀመራችሁ ቁሙና ሳሉት።

አሁን ታዲያ ያ ሰማያዊ ሳጥን ይጣል ወይ? ከማወቅ ጉጉት ብዬ ሁሉንም ሳልኳቸው። አንዱ፣ የ19 ሚሊው፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተሳለ በኋላ ተሻሻለ። ፋብሪካ ውስጥ ሲሞረድ ጫፉ ይቃጠልና ከኋላው ያለው ብረት ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አንድ መሮ መጀመሪያ ቀን ስለታጠፈ ብቻ ተስፋ አትቁረጡበት፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር በሉለት። ሰያፉን ወደ 35 ዲግሪ ማወፈርም ይረዳል። ይህኛውን ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠሁት፣ የእርግብ ቤት እየሠራበት ነው። አራቱ ግን በምንም አልዳኑም። ስድስተኛው የቀለሙ ነው።

ለብቻዋ የተሰቀለችውን ተመልሼ ስሄድ 800 አልነበረችም፣ 950 ሆናለች። የ12 ሚሊዋን ገዛኋት፣ በሞረድ ሞክሬ። ረከቦቱ አሁን በአራት እግሩ ቆሟል። አዲሱ እግር ከሦስቱ ነጣ ይላል፤ ስንጥቁን በኮላ ዘግቼዋለሁ፣ ግን ለሚያውቅ ሰው ይታያል። እናቴ ስኒዎቹን ደርድራ አንድ እሑድ ቡና አፈላችበት። ሰሞኑን ደግሞ መሳቢያው አልዘጋ አለኝ እያለች ነው። አየሁት፤ ጥጉ ለ12ቷ ይጠባል። የ6 ሚሊዋን መግዣ እያጠራቀምኩ ነው።